ገመዱን ንቀይው

የጊታሬን ሳጥን ስከፍተው ያው የድሮው ሽታ ነው፤ ያረጀ እንጨት፣ የዛገ ክር፣ ትንሽ ደግሞ የሲጋራ። ከእኔ በፊት ማን እንዳጨሰባት እንጃ። ዓርብ ከሰዓት ነው፤ የቤርሼባው ሰፈራችን፣ የሽኩና ሄ ፀሐይ በመስኮቱ መከለያ ሽንቁር ገብታ የጊታሯ ቡኒ ሆድ ላይ አርፋለች። እናቴ በወዲያኛው ክፍል ወንድሟን እየጠበቀች ነው። ዓርብ ዓርብ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

ይቺን ጊታር የመረጠልኝ እሱ ነው። እኔማ ጠልቻት ነበር።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ጊታር የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት አይፈልግም፤ «የዱርዬ ዕቃ» ነበር የሚለው። ታዲያ አንድ ዓርብ ጠዋት ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በራችንን አንኳኳ። «ተነሺ፣ ያንን ጊታርሽን ልግዛልሽ» አለኝ። እናቴ በሳቅ ሞተች። «ዛሬ ደግሞ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለችው። እሱ አልሳቀም። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ጫማዬን ሳላስር ነው ደረጃውን የወረድኩት።

ሱቁ በአሮጌው ከተማ ነበር። ባለሱቁ ከአርጀንቲና የመጣ ሽማግሌ ነው፤ አሮጌ ጊታሮች እየገዛ፣ እየጠገነ ይሸጣል። ሦስት አወረደልን። የስድሳዎቹ ዓመታት ሥሪት ቡኒ ናት፤ ሆዷ ውስጡ ባዶ፣ ቀለሟ የተላላጠ። የሰባዎቹ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ከብዶ ትከሻዬን ሊገነጥለው ሲል መለስኩት። የሰማንያዎቹ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀንዱ የሾለ። አቤት ቀዩ! ድምፅ ማጉያው ላይ ሰክቼ አንዴ ስመታው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አብሬ ተንቀጠቀጥኩ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አጎቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆየና «ገመዱን ንቀይው» አለኝ።

«ምን?»

«ንቀይውና ያለ ኤሌክትሪክ ምቺው።»

«ኧረ አጎቴ! የኤሌክትሪክ ጊታር እኮ ነው!»

ባለሱቁ እንኳ ሳቀ። ነቀልኩት። ቀዩ ያለ ኤሌክትሪክ ጥፍር ጠረጴዛ ሲቧጥጥ ነው የሚመስለው። አጎቴ ቡኒዋን አቀበለኝ። እሷ ቀስ ብላ ታወራለች፤ ክፍል አትሞላም፣ ግን ጭኔ ላይ ትሰማኛለች። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሆዷ ላይ አደረገና ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አቧራው ነው» አለኝ። ቤርሼባ ላይ በአቧራ ማን ይጠራጠራል?

«ይቺ ናት» አለ።

ለመንኩት። በአማርኛ ለመንኩት፣ በዕብራይስጥ ለመንኩት፣ በመጨረሻም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ልጄ፣ ይቺን እሺ በይኝ። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም።»

እንዲህ ሲለማመጥ ሰምቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩና ቀዩን ትቼ ቡኒዋን ያዝኩ። አውቶቡስ ውስጥ ግን እስከ ቤት ድረስ አኩርፌ ነው የመጣሁት።

ቤት ስንደርስ እናቴ የቅዳሜ ሰንበቱን ምግብ ጨርሳ ነበር። «ሰንበት ሳይገባ እስኪ ምቺልኝ» አለች። እልህ ይዞኝ ማጉያውን እስከ ጥግ ከፈትኩት። እሷ እቴ! አጨበጨበች፣ ትከሻዋን ሰበቀች። «እህታለም ስትመጣ በዚህ ነው የምንቀበላት!» አለች። እህታለም የምትላት ታላቅ እህታቸውን ነው፤ እናት ሆና ሁለቱንም ያሳደገች፣ ጎንደር ቀርታ ወደኛ የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ የኖረች። አጎቴ ይሄን ሲሰማ ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን በተሰጣው ልብስ መሐል ቆመ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ፣ ከአሽዶድና ከነታንያ ከተሞች የመጡት ዘመዶች፣ ከፊታቸው አጎቴ። እናቴ የሰዉን ብዛት ስታይ ገባት፤ አንዱም አፉን ሳይከፍት ደረቷን መታች። እህታለም ያረፈችው ሐሙስ ነበር። ሰንበት በለቅሶ አይገባምና መርዶው ሰንበት እስኪወጣ ተያዘ። አጎቴ የእህቱን ሞት በሆዱ ይዞ ነው ከኔ ጋር ጊታር ሲመርጥ የዋለው።

እኛ ቤት ኀዘን ከገባ ተዝካሩ እስኪወጣ፣ ዓመት ሙሉ ሙዚቃ አይሰማም። እናቴ ማጉያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው። እኔ ክፍሌን ዘግቼ፣ ቡኒዋን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ያለ ገመድ እነካካት ነበር። ከበሩ አታልፍም፤ ለኔ ግን ትበቃኛለች። ቀዩ ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ዲዳ ነበር። ለካ ሰውዬው ለዚያ ዓመት የምትሆነኝን ነበር የመረጠልኝ! ኋላ ይህን እያነሳሁ ላመሰግነው ስል «አቧራ ነበር አልኩሽ እኮ» እያለ ያሾፍብኛል።

«አጎትሽ ምነው ዛሬ ዘገየ?» ትለኛለች እናቴ።

ዛሬ ጠዋት በድንገት ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ዐርፏል። ልጆቹ ደውለው «ሰንበት እስኪወጣ እሷ እንዳትሰማ» አሉኝ።

«አውቶቡስ አጥቶ ይሆናል፣ እማ» እላታለሁ። ምን ልበላት?

«በይ እስኪመጣ ምቺልኝ።»

ጊታሯን ይዤ ወደ ክፍሏ እሄድና አጠገቧ ተቀምጬ ያለ ገመድ እጀምራለሁ።

«ምነው፣ ገመዱን አትሰኪውም? ጆሮዬ ደክሟል እኮ ልጄ።»

እሰካዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ ዓመት ሙሉ አትሰማም። እስከ ጥግ እከፍትላታለሁ። በዚያ በደከመ እጇ ታጨበጭባለች፣ ትከሻዋም እንደ ምንም ይነቃነቃል።

«ሲመጣ ይቺኑ ትደግሚለታለሽ» ትለኛለች።

«እሺ፣ እማ።»

አጎቴ እንኳ ያን ቀን ፊቱን ለመደበቅ በረንዳ መውጣት ችሎ ነበር። እኔ እጄን ካነሳሁ ዜማው ይቆማል፣ ቀና ብላም ታየኛለች። ፀጉሬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ እመታለሁ።