እናቴ ፊደል የቆጠረችበት ዘመን

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ እዚሁ ጉለሌ ነው። ያን ጊዜ እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በየካቲቱ ጭፍጨፋ ወታደሮች ከደጃችን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። እናቴ እስር ቤቱንም ሬሳ የተጣለበትንም ጉድጓድ ስትፈልግ ከረመችና አንድ ቀን መፈለጉን ተወች። ከዚያ በኋላ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሰጣለች፤ ከእንጦጦ ጭራሮ ለቅመን እንወርዳለን፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግን ቀረ። ጎረቤት ሲመክራት፣ እግዚአብሔርን አልካድኩም፣ የምለው ነገር ግን የለኝም፣ ትል ነበር።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አዛውንት መምህር ይኖሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔታ ነበር የሚላቸው። ጣሊያን ሲገባ ተማሪዎቻቸው ግማሹ ሸፈተ፣ ግማሹ አለቀ። የቀራቸው አንድ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ሰው በመከራ ጊዜ እንዴት መታገሥ፣ በየዕለቱም እንዴት መጸለይ እንዳለበት አባቶች የመከሩት በአማርኛ የተጻፈበት።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ንፍሮ ይዘንላቸው ስንሄድ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ሲዳብሱት አገኘናቸው። እንድታነብላቸው ለመኗት። እንደማትችል ነገረቻቸው። የኔታ መጽሐፉን ወደ እሷ አስጠጉና፣

«እኔ ዓይን የለኝም፣ አንቺ ፊደል የለሽም። እስቲ እንዋዋስ፣ ልጄ» አሏት።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነበር።

ትምህርቱ በጭቃ ተጀመረ። ደጃፋቸው ላይ እርጥብ አፈር እንደለድላለን፤ የኔታ ፊደሉን በጣታቸው ይጽፋሉ፤ እናቴ ከጎኑ ትገለብጣለች። ከዚያ የእሷን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ያርማሉ። የዚህ እግሩ አጠረ፣ የዚያ አንገቱ ጠመመ ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። እኔም እንዝርቴን እያሾርኩ አብሬ ተማርኩ። ሰፈሩ ግን ሳቀብን። የገዛ አክስቴ መጥታ፣ የባልሽ ሐዘን ሳይወጣ ደብተራ ልትሆኚ ነው ወይ ብላ ተቆጣቻት። እናቴ አክስቴን እስከ በር ሸኝታ ወደ የኔታ ወረደች።

መስከረም ሲጠባ አንድ ገጽ ሳትደነቃቀፍ መዝለቅ ቻለች። በገዛ አፏ ያነበበችው የመጀመሪያው ምክር፣ ያዘነ ሰው ኀዘኑን ከፈጣሪው አይሸሽግ፣ ቃል ያጣ ሰው እንባው ጸሎት ይሆንለታል የሚል ነበር። መጽሐፉን ዘጋችና አለቀሰች። ለአባቴ ስታለቅስ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። የኔታ አላባበሏትም፤ እስክትጨርስ ጠብቀው፣ በይ ቀጥዪ፣ አሉ። በማግስቱ እሁድ ነበርና ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዝርት ከመያዟ በፊት ወደ የኔታ ወርዳ አንዲት ምክር ታነባለች። ከአንዲት በላይ አይፈቅዱላትም፤ ቁም ነገሩ ብዙ ማንበብ ሳይሆን ያነበቡትን ይዞ መዋል ነው ይሏታል። ይዛውም ትውላለች። ከበላያችን የምትኖር የባንዳ ሚስት ወልዳ ሰፈሩ በሙሉ ሲዘጋት፣ እናቴ ገንፎ አገንፍታ ልትሄድ ተነሣች። እኔ እንዴት አባቴን ላስገደሉት ብዬ ስቆጣ፣ ሕፃኑ ማንንም አላስገደለም አለችኝና ገንፎውን አሸከመችኝ። ተናድጄ ተከተልኳት፤ ስመለስ ግን ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ሴቶች ከቅዳሴ መልስ የኔታ ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸው የሸፈተባቸው፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ናቸው። እናቴ ታነባለች፣ የኔታ ያብራራሉ። ያን ጊዜ ሰው ተሰበሰበ ከተባለ አድማ ነው፤ ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንድ እሁድ ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር ገቡ።

የወታደሮቹ ሹም እናቴን ምን እንደምታነብ ጠየቃት። እንድታነብለት አዘዛት፤ አነበበች፣ አስተርጓሚው እየተከተለ ተረጎመ። ማን አስተማረሽ ሲላት የኔታ ቀድመው እኔ ነኝ አሉ። ሹሙ የጠፋ ዓይናቸውን አይቶ ሳቀ፤ መጽሐፉ ይወሰድ አለ። እናቴ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ለአስተርጓሚው እንዲህ አለችው፦

«መጽሐፉ የእሳቸው ነው፣ ዓይኑ የእኔ ነው። መጽሐፉን ከወሰዳችሁ እኔንም ውሰዱኝ፤ ሽማግሌውን ግን ተዉ።»

አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ፤ ቃሏን ግን ሳይቀንስ አደረሰው። እሷንም መጽሐፉንም ወሰዱ።

ስንቅ ባመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ የምትልክልኝ መልእክት ስለ ራሷ አልነበረም፤ የኔታ በልተው እንደሆነ ነበር የምትጠይቀው። ስትለቀቅ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ፊቷ ከስቶ ነበር። አብራት ታስራ የነበረች አንዲት ሴት ኋላ እንደነገረችኝ፣ እናቴ እስር ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈች ስታስተምራቸው ነው የከረመችው።

መጽሐፉ አልተመለሰም። ይህን ለየኔታ መንገር ከእስሩ ይልቅ ከብዷት ነበር። ነገረቻቸው። እሳቸው ግን እጇን ፈልገው ያዙና፣ «በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አሉ። እናቴ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ይዛው ስትውል የቆየችው ምክር በልቧ ታትሞ ኖሯል፤ ስትዘነጋ የኔታ ይሞሉላታል፣ እሳቸው ሲስቱ እሷ ትመልሳቸዋለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስሰማ፣ የሹም ልጅ ብሆን እንኳ እንደዚያ እኮራለሁ ብዬ አላስብም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ ሴቶችን በጓሯችን ማስተማር ጀመረች፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ አንዷ አክስቴ ነበረች። የማን ልጅ ናት ብሎ ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ የሰፈራችን ሰው የአባቴን ሙያ ወይም የቤታችንን አቅጣጫ አይናገርም። የአንባቢዋ ልጅ ናት ይለዋል፤ ይበቃል።