የአምባሰሉ ሰማያዊ ግድግዳ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ደሴ

ደሴን ጭጋግ ውጧታል። የወልድያው ሚኒባስ አንድ ሰው ሲቀረው ገባሁ። የምሄደው አምባሰል ውስጥ ወዳለች፣ እናቴ ወደተጠመቀችባት አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስዕል ሳስተምር ሃያ ዓመት ሞላኝ፤ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ስዕሎች ግን ከእናቴ አፍ ሰማኋቸው እንጂ አይቻቸው አላውቅም። በደቡቡ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ስዕሉን ያሠራችው የእናቴ ቅድመ አያት፣ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ ተደፍታለች። ስሟም ከጎኗ ተጽፏል።

1፡15፣ ሐይቅ

ፀሐይ ከውሃው በላይ ወጥታለች። ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ፤ እኔም መንገድ ዳር ትኩስ የተጠበሰ አሳ በሚጥሚጣ በላሁ። አሳ ሻጯ ወዴት እንደምሄድ ጠይቃኝ ስነግራት፣ ለእኛም ዱዓ አድርጊልን ብላ አንድ ቁራሽ ጨመረችልኝ። እስከዚህ ድረስ ቀኑ የደስታ ቀን ነበር።

3፡00፣ ከውጫሌ ወደ ላይ

ኮረኮንቹን በባጃጅ ወጣሁት። ባለ ባጃጁ እንድሪስ አርባ ዓመት የሚሆነው ወሬኛ ሰው ነው። ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አባቱ ከሰፈሩ ሙስሊሞች ጋር እንጨት ተሸክመው እንደወጡ ነገረኝ። ቀጠለና ኮራ ብሎ፣

«እኔ ደግሞ ቀለሙን አወጣሁላቸው» አለ።

«የምን ቀለም?»

«የግድግዳው ነዋ። ወላሂ፣ አሁን ብታይው ያብረቀርቃል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

4፡30፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ

ጫማዬን አውልቄ በሴቶች በር ገባሁ። ቀድሞ የተቀበለኝ የዘይት ቀለም ሽታ ነው። ደቡቡ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ሆኗል፤ ክሊኒክ የሚቀባው ዓይነት ሰማያዊ። እመቤታችን የለችም። ሴትዮዋም የለችም። ስሟም የለም። በነጠላዬ ጫፍ አንዱን ጥግ ፈተግ ባደርገው፣ ገና አልደረቀም ነበርና ሰማያዊው ለቀቀ፤ ከሥሩ የነበረው አሮጌ ቀይም አብሮት ለቀቀ። እጄን ሰበሰብኩ።

አስተዳዳሪው ቄስ አድማሱ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞረው ወሰዱኝ። ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ አለ፤ ፊቱ ተሰነጣጥቋል እንጂ አለ። ከፊቱ የእንጨት መወጣጫ ቆሟል። ሰኞ እሱም እንደሚቀባ በእርጋታ ነገሩኝ።

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ለሥልጠና አውሮፓ በሄድኩበት ጊዜ ስለገባሁባት ቤተ ክርስቲያን ነገርኳቸው። በአንዲት ጥንታዊ ከተማ መሐል ያለች፣ ባሮክ በሚሉት አሠራር የተሠራች፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ወርቅና የኖራ መላእክት የሞሉባት ነበረች። አንዲት ባለሙያ መወጣጫ ላይ ተኝታ የአንዱን መልአክ ጉንጭ በጥጥ ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ከሳምንት በኋላ ስመለስም ያንኑ ጉንጭ ትጠርግ ነበር። እናንተ ግን የእናቶቻችሁን ፊት በሮለር ደመሰሳችሁ አልኳቸው።

ቄሱ አስጨርሰውኝ፣ «ልጄ፣ የእነሱ ጣሪያ ያፈሳል?» አሉ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ስዕሉ ከነልስኑ ሲወርድ በእጃቸው ሲጠርጉ እንደኖሩ፣ ለስንቱ ደብዳቤ ጽፈው የመጣ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ።

«የመጣልን ቀለም ነው። የመጣልንን ተቀበልን።»

ማን እንደላከው ጠየቅኩ። የአካባቢው ተወላጆች ኮሚቴ ነው አሉኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደሴ የሕንፃ ዕቃ የሚነግደው ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ነው።

6፡00፣ ከቅጥሩ ውጪ

ኔትወርክ ፍለጋ ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ለሰው የማይነገር ነገር ተናገርኩት። ጌታቸው ስዕሉ ረግፎ አልቋል ስላሉት እናታችንን ደስ ሊያሰኛት ማሰቡን ሊያስረዳኝ ሞከረ። አላስጨርስ ስለው፣

«እታለም፣ ቀለሙን የመረጥሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ከወር በፊት ሁለት ሰማያዊ ቀለሞች በስልክ ልኮልኝ ነበር። ለሱቁ መስሎኝ «ፈካ ያለው» ብዬ ጽፌለት ላስተምር ወደ ክፍል ገባሁ። ቋጥኙ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ አልበረደም፤ የሚያርፍበት ብቻ ጠፋው።

በመጨረሻ ስልኩን ለቄሱ ሰጠኋቸው። ጌታቸው ሰሜኑ ግድግዳ እንዳይነካ ለመናቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ቆርቆሮው ከክረምት በፊት ይቀየር። እሺ አለ። መወጣጫው ሲፈርስ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያም ጊዮርጊስን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬ ሣልኩት። እንድሪስ ያልተከፈቱትን የቀለም ባልዲዎች ባጃጁ ላይ ጫነ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ባውቅ ባላወጣሁት» አለ።

ከምሽቱ 12፡00፣ ደሴ

ጌታቸው መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ባልዲዎቹን ከሚኒባሱ ሲያወርድ ቀና ብሎ አላየኝም።

«አላወቅኩም እኮ» አለ።

«ሄደህ አላየህማ።»

«አንቺስ?»

የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አንዱን ባልዲ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን፣ እናታችን ወደምትጠብቀን ቤት ዳገቱን ጀመርነው።