የታሰረው ዋርካ

«ዛሬውኑ ትፈችዋለሽ፤ አለበለዚያ ቤቴን ትለቂያለሽ!»

ይህን ያሉኝ የቦንጋው አከራዬ ጋሽ አየለ ናቸው። እስረኛው ደግሞ በረንዳዬ ላይ በሸክላ ሳህን የማሳድገው፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ ዋርካ ነው።

ከሺሺንዳ መንገድ ዳር፣ ከግንብ ስንጥቅ ነቅዬ ያመጣሁት ችግኝ ነበር። ቦንሳይ የሚሉት ድንክ ዛፍ ላደርገው ሥሩን እየከረከምኩ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ ጠምዝዤ ጎንበስ አደረግሁት።

«ዋርካ ሥሩ ተቀምጠው ሰው የሚያስታርቁበት ዛፍ ነው! እንዴት ይታሰራል?» አሉና ፒንሳ ይዘው መጡ። (ቧንቧው ሲበላሽ ግን «ፒንሳ የለኝም» ብለውኝ ነበር።)

የሽቦውን ጫፍ ይዘው ይስቡ ጀመር። ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ ገብቷል፤ ከጎተቱት ቅርንጫፉ ይገነጠላል።

«ጋሼ፣ በእግዜር! ይቁረጡት እንጂ አይጎትቱት!»

ከቅርፊቱ ነጭ ወተት ጠብ አለ። እጃቸው ቆመ።

«ይኸው፣ አለቀሰ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ እኔ ቅርንጫፉን ደግፌ፣ እሳቸው ሽቦውን ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ አወጡት። እሳቸው ቀና እንዲል፣ እኔ እንዳይል እየተመኘን አፍጥጠን ጠበቅን።

ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

የደከምኩት ለዚህ ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋሽ አየለ ግን ፒንሳውን ኪሳቸው ከተው «ፈታነው እኮ፤ እሱ ነው መፈታቱን ያላወቀው» ብለውኝ ሄዱ።

ቤቱ ተርፎልኛል። ደስታዬን ግን ይዘውት ሄደዋል።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተ ዘንድስ ሽቦው ወልቆለት ጎንበስ እንዳለ የቀረ ምን አለ? ሰውም ይቆጠራል።