አራት ወንበር ለአንዲት ተማሪ

የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያወጣውን ድምፅ ታውቂዋለሽ አይደል? ጆሮ ይሰቀጥጣል። ባለፈው ሳምንት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበርና ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ አንዱን ወንበር ስትጎትት ሰማሁ። ሳላስበው ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ገልመጥ አደረገችኝ። ምን ታድርግ፣ አባቴን አታውቀው!

አባቴ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበረው። ከሆሳዕና መጥቶ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ስኳር፣ ሳሙናና ላምባ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣኋት ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እኔን ግን ከዚያ ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ሊያየኝ አይፈልግም። “እዚህ ለመቆም እኔ እበቃለሁ፤ አንቺ ትማሪያለሽ” ይለኝ ነበር። ስለዚህ ከሱቃችን አለፍ ብሎ የሰፈሩ ትምህርት ቤት እያለ፣ ከተማ ውስጥ ካለው፣ ሣሩ ከተከረከመው፣ ቤተ መጻሕፍት ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባኝ። ዕቃ ከሚያመጣበት ከጄፒ፣ የእኛ ሰዎች ጅምላ ከሚሸጡበት ሰፈር፣ ያሉ ወዳጆቹ አጨበጨቡለት። “ጎበዝ! የኛ ልጅ ሎኬሽን ውስጥ አይማርም!” ሎኬሽን የሚሉት እንደ ካትሌሆንግ ያለውን የድሆች ሰፈር ነው።

እኔ ግን እዚያ ጠፋሁ። በቃ፣ ጠፋሁ። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ ልጠይቅ ስል አፍራለሁ። ከክፍል በኋላ ጥናት አለ፤ ታክሲዬ እንዳያመልጠኝ ጥናቱን ትቼ እሄዳለሁ። በዓመቱ አጋማሽ አስተማሪዋ “ወላጅ ይምጣ” አለች።

አባቴ ይህን ሲሰማ ምን መሰለው? ከአስተማሪዋ ጋር የተጣላሁ! ጥል ካለ ደግሞ ሰው ሽማግሌ ይዞ ነው እንጂ ባዶ እጁን አይሄድም። ሱቁን በሥራ ቀን ዘጋ። በሥራ ቀን እኮ ነው የምልሽ! ሱፉን ለብሶ፣ አንድ የጄፒ ጅምላ ነጋዴ፣ የቸርቻችንን መጋቢና ከሱቁ ፊት ለፊት የምትኖረውን ጎጎን አስከትሎ መጣ። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ የመንገዳችን ሰው ሁሉ አያት ነበረች። እሁድ እሁድ የምታደርጋትን ባርኔጣዋን ደፍታለች።

ዘበኛው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው አለ። ሦስቱ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቀሩ። እኔ በመስኮት የጎጎን ባርኔጣ እያየሁ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አስተማሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከኋላችን ብዙ ወላጅ ይጠብቃታል። “እንግሊዝኛዋ ደካማ ስለሆነ ክፍሉን ብትደግም ይሻላል” አለች ስለ እኔ። አባቴ፣ “ውጭ ሽማግሌዎች አሉኝ” ብሎ አስተረጎመኝ። ፈገግ አለችና ሰዓቷን አየች።

በመልሱ ታክሲ ውስጥ አባቴ ከረባቱን ፈቶ ኪሱ ከተተ። የጎጎ የካምፎር ቅባት ይሸተኛል። በመጨረሻ እሷ ነች የተናገረችው፤ አባቴ ሱቅ ውስጥ በለቀማት ዙሉ እንዲገባው ቀስ እያለች። “ለኛ ወንበር ያልሰጡ ሰዎች፣ ልጃችንን ከየት ያውቋታል?”

ወር ሳይሞላ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት አዛወረኝ። ጄፒ ላይ ጉድ ፈላ። “ኧረ ተው! ሰው ልጁን ወደ ላይ ያወጣል እንጂ ያወርዳል እንዴ?” አሉት። “እዚያ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ እዚህ ሁሉም ያውቃል” ብሎ ዘጋቸው።

በመጀመሪያው ቀን አራቱም እንደገና ሱፍና ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። ቢሮው ቀይ የወለል ሰም ይሸታል። ርዕሰ መምህሯ አየቻቸው፣ ቀድማ ጎጎን እጅ ነሳች። በእነሱም ባህል ትልቅ ጉዳይ በሽማግሌ ነው የሚሄደው። “ወንበር!” ብላ ወደ ውጭ ተጣራች። ሁለት ተማሪዎች አራት ወንበር እየጎተቱ መጡ። ያ ድምፅ ነው እንግዲህ።

ሁሉንም ሰማቻቸው። ከዚያ፣ “እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ እሰጣታለሁ። ግን በየቀኑ ጮክ ብላ ታንብብ፤ ትልቅ ሰው ይስማት” አለች።

“እኔ እሰማለሁ” አለች ጎጎ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት፣ የፍርግርጉ ጥላ መጽሐፌ ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ ከውስጥ አነባለሁ፤ ጎጎ ከውጭ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። አባቴ ደግሞ ዳቦውን እጁ ላይ ይዞ፣ “ቆይ፣ ገጹን ትጨርስ” እያለ ደንበኛ ያቆማል! ዳቦ ፈላጊ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ሰማኝ። የታክሲ ሾፌሮች ሳይቀሩ አነጋገሬን አረሙልኝ። በዓመቱ መጨረሻ አለፍኩ። ለጥቂት አይደለም፣ በደንብ አድርጌ!

አባቴ ግን አላቆመም። የወላጆች ቀን በተባለ ቁጥር ከነሽማግሌዎቹ ከች ነው። ርዕሰ መምህሯ አንዴ፣ “ጥል እኮ የለም” ብትለው፣ “ጥል እንዳይመጣ ነው” አላት። ማትሪክ እስክወስድ ድረስ አራት ወንበር ወጣ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ገነት ነበር አልልሽም። መስኮቱ ካርቶን በተለጠፈበት ክፍል ተፋፍገን ነው የተማርነው። የከተማውም ሲኦል አልነበረም። ዛሬ ሰው “የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?” ሲለኝ፣ “አንተን ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥህ የትኛው ነው?” እለዋለሁ።

እና ያን ዕለት ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀጠሮው በስልክ፣ ደቂቃው የተቆጠረ። ልጄን አመሰገኑልኝ። ማታ ሆሳዕና ለተመለሰው አባቴ ደወልኩና የምሥራቹን ነገርኩት። ስለ ውጤቷ አልጠየቀኝም።

“ማን ማን ሆናችሁ ሄዳችሁ?”

“ብቻዬን ነው አባዬ። አሁን እንደዚያ አይደረግም።”

“ብቻሽን? ልጅቷ ሰው የላትም እንዲሉ? ጎጎስ?”

“ጎጎ እኮ አርፋለች፣ አባዬ።”

“ውይ… አዎ፣ ነግረሽኝ ነበር።” ነፍሷን ይማር አለና ቀጠለ። “በይ የሚቀጥለውን ቀን ንገሪኝ። ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ።”

ሱቁ ከተሸጠ ቆይቷል። ጉልበቱም ዛሬ ከግቢው በር አያሳልፈውም።

“እሺ አባዬ” አልኩት፣ “ወንበር እይዝልሃለሁ።”