የሽማግሌው ወይፈን

ከነገሌ ቦረና ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ መንደራችን የእኛ ቤተሰብ ታሪክ ከተነሣ የሚጀመረው ከአንድ ወይፈን ነው። አባቴ ይህን አይወድም ነበር። እሱ ቢጠየቅ ከዘር ማንዘሩ፣ ከሰሜን ከመጡት አያቶቹ ይጀምር ነበር።

መንደሯ የገባነው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አባቴ መምህር ሆኖ ሲመደብ ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የጉራጌ ሱቅ፣ አንድ ኩሬና እዚህም እዚያም የተበታተኑ የቦረና ጎጆዎች ነበሯት። እናቴ ውሃ ስትቀዳ ከሴቶቹ ጋር እያወራች ኦሮምኛውን በስድስት ወር አቀላጠፈችው። አባቴ ግን ለሰላምታ "አካም"ና "ናጋ" ካለ በኋላ የቀረውን የሚወጣው በፈገግታ ነበር። ቋንቋው ሳይገባው ነገሩ ሁሉ የገባው የሚመስለው ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ታናሽ እህቴ ስትወለድ እናቴን ሕመም ጠናባት፤ ጡቷም ደረቀ። ልጅቷ በየቀኑ እየከሳች ሄደች። የዱቄት ወተት ሱቁ ውስጥ አንድ ቀን ቢገኝ ሳምንት ይጠፋል። ይህን የሰሙ አንድ የቦረና ሽማግሌ፣ የልጅ ልጆቻቸው አባቴ ዘንድ የሚማሩ፣ አንድ ጠዋት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ እየነዱ መጡ። "በርሲሳ፣ ልጅቷ ትጠጣ" አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው። ላሟን ደጃችን ትተው ተመለሱ። እናቴ ውስጥ ተኝታ ስለነበረች አልሰማችም። አባቴ "ላም ከነጥጃዋ ሰጡኝ!" እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ።

እህቴ ዳነች። ጉንጯ ሞላ፣ ዳኸች፣ ቆመች፤ ከወተት ሌላ የምትቀምሰው ግን ጥቂት ነበር። ላሟ ደግማ ወለደች፤ የመጀመሪያው ጥጃም ደልቦ ወይፈን ሆነ። ለፋሲካ አባቴ አረደው። ቆዳውን አጥር ላይ ዘርግቶ ጎረቤት ጠራ፤ ውለታ የመለሰ መስሎትም ሽማግሌውን አስጠራ።

ሽማግሌው ግቢ ሲገቡ አጥሩ ጋ ቆም ብለው ቆዳውን አዩ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና የቀረበላቸውን ጥብስ እየመረቁ በሉ። አባቴ "ይብሉ እንጂ፣ ቤትዎ ነው" እያለ ከጎናቸው አልነሣም አለ።

ነገሩ የፈነዳው ከሳምንት በኋላ ኩሬው ዳር ነው። አንዲት ጎረቤት እናቴን "ሽማግሌው ወይፈናቸውን እንድታርዱ እንዴት ፈቀዱላችሁ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ጀሪካኗን እዚያው ጥላ እየሮጠች መጣች። ቦረና ለተቸገረ ሰው የምትታለብ ላም ያውሳል፤ ደባሬ ይሉታል። ወተቱ የተዋሰው ሰው ነው፤ ላሟም የምትወልደውም ግን የባለቤቷ ነው። ይህን እዚያ አገር ሕፃን ሳይቀር ስለሚያውቀው ለመምህር ልንገር ያለ ሰው አልነበረም። አባቴም አልጠየቀ!

"የሰው ከብት አርጄ ባለቤቱን ጋበዝኩት?" አለና ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ሳቄ መጥቶብኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ጠፋ። በከብት ስሙ የጠፋ ሰው እዚያ መንደር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። ላሟ ከተወሰደችስ እህቴ ምን ልትጠጣ ነው?

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሽማግሌው ሄድን። እናቴ "አይተዋት ይራሩ" ብላ እህቴን አሳዘለችኝ። ሽማግሌውን ከጎጇቸው ደጃፍ፣ ግራር ስር አገኘናቸው። አባቴ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ።

"አጥፍቻለሁ በያቸው" አላት እናቴን። "አላወቅኩም በያቸው። ላሟንም ይውሰዱ፤ ብቻ ሌባ አይበሉኝ።"

እናቴ ተረጎመች። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ ረጅም ነገር ተናገሩ። መሃል ላይ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ አንድም ቃል አልገባውምና ዐይኑ ከእሷ ወደ እሳቸው ተንከራተተ።

"ምን አሉ? ሌባ ነው አሉ?"

"ቆዳውን ገና ከበር ሳየው ወይፈኔ መሆኑን አውቄያለሁ ነው የሚሉት" አለች በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን እየጠረገች። "'ተመልሼ ብሄድ ኖሮ ሰው ሁሉ መምህሩ ሰረቀ ይል ነበር። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የበላውን ከብት ግን ተሰረቀ የሚል የለም። ለዚህ ብዬ በላሁ' አሉ።"

 አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ላሟስ?" አለ።

ሽማግሌው ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ቅር ያላቸው መሰለኝ። ጀርባዬ ላይ ያለችውን እህቴን በበትራቸው እያመለከቱ አጭር ነገር ተናገሩ።

"'አንተ ብትሳሳት እሷ ትራብ ወይ?'" አለች እናቴ።

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ተማሪዎቹ የሆኑት የሽማግሌው የልጅ ልጆች ቆመው እያዩት፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።