የሰማያዊው በርሜል ዶሮዎች

አባቴን ከሥራ ያስባረርኩት እኔ ነኝ። ምቀኛ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም፤ የገዛ ልጁ ነኝ፣ ለዚያውም ሊመሰገንልኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው።

ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። እናቴ እዚያው ተራ ስንጠብቅ ስላረፈች የመጣነው ሁለታችን ብቻ ነን። ከመጤዎች ማረፊያው፣ ከመርካዝ ክሊታው ወጥተን አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ላይ አራተኛ ፎቅ ቤት ገባን። ጊዩሩን፣ ማለት ወደ ይሁዲነት የሚያስገባውን ትምህርትና ሥርዓት፣ ሁለታችንም ጨርሰናል። ሥራ ያገኘነው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለ አንድ የዶሮ ማረጃ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ከኮረብታው ሰብስቦን ይወርዳል፤ አባቴ ከጭነት መኪና ሳጥን ከሚያወርዱት ጋር ግቢ ይቀራል፣ እኔ ጨው ክፍል እገባለሁ።

በይሁዲነት ሕግ ሥጋ ደሙ ሳይወጣ አይበላም። ስለዚህ የታረደው ዶሮ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከውስጥም ከውጭም ጨው ይነሰነስበታል፣ አንድ ሰዓት ይንጠፈጠፋል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ሰው አለ፤ ማሽጊያህ ይሉታል። የኛው ማሽጊያህ ቀጭን፣ መነጽሩን ሲወለውል የሚውል ሰውዬ ነበር። ጨዉን በሁለት ጣቱ እያሸ ደቀቀ ወይስ ሻከረ ብሎ ያያል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ የዶሮውን ክንፍ ገልጦ የቀረች የደም ጠብታ ይፈልጋል። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብገላገል በወደድኩ። አልነበረም። ጠዋት በስሜ ጠርቶ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ወር የጣቶቼ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ጓንት ይሰጡናል፣ ጨዋማው ውሃ ግን በክንድ በኩል ይገባና እዚያው ይጠራቀማል። አጠገቤ የምትቆመዋ ሩሲያዊት ሴትዮ እጇን ዘይት ቀብታ፣ ካልሲ አጥልቃበት እንደምትተኛ ነገረችኝ፤ እኔም እንደሷ አደረግኩ። አንድ ቀን ጣቴ ደማ። ማሽጊያሁ አይቶ እየሮጠ መጣ። አዘነልኝ ብዬ ሆዴ ሊባባ ሲል፣ የያዝኩትን ዶሮ ወሰደና አገላብጦ አየው፣ ደሜ ነክቶት እንደሆነ። ከዚያ ፕላስተር ሰጠኝ። ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ ነበር ያመሰገንኩት።

አባቴ በአገሩ በቢላዋው የታወቀ ሰው ነበር። በዓል ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን፣ ጎረቤቱ ሁሉ እርሱ ይረድልን ብሎ ይጠራዋል። ከብቱ እያየው ቢላዋ አይስልም። ውሃ ሳያጠጣ አያርድም። አንዱን ከሌላው ፊት አይጥልም። እስራኤል እንገባለን ብለን ጎንደር ከተማ ገብተን መጠበቅ ስንጀምር፣ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን አይሁድ ሆነ ብለው እሱ ያረደውን ተዉ። እዚህ ሲመጣ ደግሞ፣ ማረድ የሚችለው ተምሮ ወረቀት የያዘ አራጅ ብቻ ነው ተባለ። በሁለቱም አገር እጁ ያረደውን የሚበላ ጠፋ። አልተከፋም፣ ወይም ተከፍቶም ለኔ አላሳየኝም። «ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለና ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ አኖረው።

አንድ ምሽት እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ምነው አባ ስለው፣ ግቢው ውስጥ ስላለው ሰማያዊ በርሜል ነገረኝ። ዶሮዎቹ በሳጥን ተጨናንቀው ስለሚመጡ ክንፍም ጭንም ይሰበራል። ስብራት ያለበት ለምግብ ላይሆን ይችላል ስለሚባል፣ ገና ከመኪናው ሲወርዱ እየለዩ በርሜሉ ውስጥ ይወረውሯቸዋል። የሚገድላቸው የለም። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና እስኪመጣ ድረስ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው በሕይወታቸው ይውላሉ።

«ሕጉ አትብሏቸው አለ እንጂ እንዲህ አድርጓቸው አለ እንዴ?» አለኝ። «አንዷ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች እኮ!»

በማግስቱ ቢላዋውን ከቁም ሳጥኑ አውርዶ ይዞ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ አየሁት። ከግንቡ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ለአንዷ ዶሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ውሃ ያቀርብላታል፣ ዓይኗን በመዳፉ ይሸፍናል፣ አንዴ ብቻ ቢላዋውን ያሳልፋል፣ ነፍሷ እስክትወጣ ድረስ አይለቃትም። ከዚያ ወደ በርሜሉ ይመልሳታል፤ ለመብል አይደለማ፣ ማንም አይወስዳትም። የምሳ ዕረፍታችን ግማሽ ሰዓት ነው። እሱ ዳቦውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ስታርድ ምን እያልክ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ።

«የበፊቱን በስመ አብ ማለት አልችል፣ የአሁኑን ጸሎት አላውቀው» አለ። «እንዲያው ይቅር በይኝ እላታለሁ።»

እንዲህ እያለ ከክረምት እስከ ፋሲካ ዘለቀ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሴቶች የቶራ፣ ማለት የኦሪት፣ ትምህርት እሄድ ነበር። አዲስ የገባ ሰው እንደሚሆነው ሁሉ ጥያቄ አበዛለሁ፤ የሥጋና የወተት ድስት ቢነካካ ጥያቄ፣ ማንኪያ ቢቀያየር ጥያቄ። አንድ ቀን መምህሯ እንስሳን ማሠቃየት በቶራ ክልክል ነው፣ ከጭነቱ በታች የወደቀውን የጠላትህን አህያ እንኳ አልፈህ አትሂድ ይላል ብላ አስተማረችን። አባቴ ታወሰኝ። እዚያው ወንበሬ ላይ እንባዬ መጣ። ሳይማር፣ ሳያነብ፣ ሕጉን እየፈጸመ ያለው የኔ አባት ነው! ይህን አንድ የሚያውቅ ሰው ቢሰማልኝ ብዬ ተመኘሁ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

በማግስቱ ማሽጊያሁ ጨዉን ሊያይ ሲመጣ ጠበቅኩት።

«ራቭ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ በመምህር ማዕረጉ ጠርቼ። «የተሰበሩትን ዶሮዎች እንዳይሠቃዩ ብሎ የሚገላግላቸው ሰው ቢኖር፣ ጽድቅ፣ ሚጽቫ አይሆንለትም?»

«ማን ነው የሚገላግላቸው?» አለ መነጽሩን አውልቆ።

«አባቴ!»

«በምን?»

«በራሱ ቢላዋ። ከአገራችን ያመጣው ነው» አልኩ ጥርሴ እስኪታይ እየሳቅኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሄዶ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው፤ ዶሮ የሚሰቀልበት ሰንሰለት ቆመ። የዚያን ቀን የታረደው ሁሉ ተለይቶ ይቀመጥ ተባለ። አንገቱ እየተገለጠ አንድ በአንድ ታየ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ግቢው ውስጥ ካረደ፣ አንድ ዶሮ ተሳስቶ ወደ መስቀያው ቢወጣ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጠረጠራል። ከሕጉ አንጻር ሰውዬው እውነቱን ነው። ሰንሰለቱ በጣቴ ደምም፣ በበርሜሉም ቆሞ አያውቅም ነበር፤ የቆመው በአባቴ ቢላዋ ነው።

ቢሮ ጠሩን። ሥራ አስኪያጁ ተቀምጧል፣ ማሽጊያሁ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አባቴ ቆቡን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ዕብራይስጡ ከሰላምታ ስለማያልፍ አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ። ቢላዋው በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ካረድካቸው አንዷ ወደ ውስጥ ገብታለች ወይ ይሉሃል» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! የተጣሉት እኮ ናቸው ልጄ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አደርጋለሁ?»

ተረጎምኩ። ሥራ አስኪያጁ ግን መስማቱን ጨርሶ ነበር። «የሱ እጅ ያረደው ንቬላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ግቢ አይገባም፣ ንገሪው» አለ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? «አባ፣ ሥራ ስለቀነሰ ነው፣ ለጊዜው ዕረፍ ነው የሚሉት» አልኩ።

ወደ ጠረጴዛው አየ። «ሥራ ከቀነሰ ቢላዬን ምን እንሁን ብለው አሰሩት?» አለ። ከዚያ በቀስታ፣ «ንቬላ ያለውን ሰምቻለሁ። አብረን አይደል የተማርናት? በድን ማለት ነው» አለ።

አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ። ቆቡን አጣጥፎ እንዲህ አለ፦

«ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። እነዚያን የተሰበሩትን ከእንግዲህ ማን ያያቸዋል?»

ወደ እነሱ ዞርኩ። ጥያቄዋ አጭር ናት፣ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። እኔም ከወጣሁ ሁለታችንም ቤት መዋላችን ነው ብዬ አሰብኩ፣ ፈራሁ።

«ይቅርታ ይጠይቃል» አልኳቸው።

ማሽጊያሁ አዘነለት መሰለኝ፣ አባቴን እያየ ራሱን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ነቀነቀ። አባቴም ያንን አይቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ቢላዋውን ሳይጠይቅ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አላገኘም። ዕድሜው ሄዷል ይሉታል፣ ቋንቋ የለውም ይሉታል። እኔ ጨው ክፍሌ ውስጥ ቀረሁ። ማታ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቀኛል። «እንዴት ናቸው?» ይላል። እኔን አይደለም፣ እነሱን ነው።

«ደህና ናቸው አባ። ሰው መድበውላቸዋል» አልኩት በመጀመሪያው ቀን። አንድ ጊዜ ከዋሸሁ በኋላ መንገዱ ቀና። ሐኪም ነው የመደቡት አልኩ። ቶሎ ነው የሚገላግላቸው አልኩ። ውሃም ያጠጣቸዋል ስለው ፊቱ በራ፤ ያን ቀን እራቱን ጨርሶ በላ።

በርሜሉ ያው እንደነበረ ነበር። የጨው ክፍሉ በር በእሱ በኩል ነው፤ ጠዋት ስገባ አልፈዋለሁ፣ ማታ ስወጣ አልፈዋለሁ። ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ቢላዋ ባልይዝ ውሃ ማቅረብ ማን ከለከለኝ? አንድ የጠርሙስ ክዳን ውሃ! ሁለት ዓመት አለፍኩበት፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆምኩም። ጆሮዬን በሻርፕ ሸፍኜ እሮጥ ነበር።

አባቴ ከተባረረ በሦስተኛው ዓመት ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ከስቶ አልጋው ውስጥ ጠፍቷል። የተሰነጠቁ ጣቶቼን ይዞ በአውራ ጣቱ እያሸ፣ ያው ጥያቄውን ጠየቀኝ።

«ደህና ናቸው አባ» አልኩ።

«ያ ባለ መነጽሩ ሰውዬ ሰው ነው» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «አንቺ ጠየቅሽልኝ፣ እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ቃሉን ጠበቀ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። አንቺንም አፍሽን ይባርክልኝ። አሜን በይ እንጂ ልጄ።»

አሜን አልኩት።