በላስቲክ የታፈነው ሞተር

ስለ ዝገት ሳስተምር ምስማር በጨው ውሃ ነክሬ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ ክዳኑን ስከፍት የሚወጣው የእርጥብ ብረት ሽታ ሁልጊዜ በልጅነቴ በኖርንባት የባዕድ አገር ከተማ፣ ኧርቪንግ፣ ወደነበረው አፓርታማችን ደረጃ ሥር ይመልሰኛል።

እናቴ እዚያ ፓርክ የምታደርገው ያረጀ ቀይ ሞተር ሳይክል ነበራት። በበጋ አስፋልቱ እየጋለ እሱን እየነዳች ሆስፒታል ሥራዋ ትገባ፣ እሁድም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁማ፣ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ፣ በሞተሯ የሚያጉረመርሙትን ምእመናን «እንዴት ናችሁ?» እያለች ታልፋቸው ነበር።

ከበላያችን የሚኖሩት ታክሲ ነጂው ጋሽ ታደሰ ግን በሰላምታ የሚታለፉ አልነበሩም። ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ ይነዘንዟት ነበር።

«ሶ፣ አልማዝ፣ ዊንተሩን፣ ይሄን ሁሉ ብርድ፣ በዚህ ልትወጪው ነው? የልጅ እናት አይደለሽ? ሽጪውና መኪና ግዢ።»

«ዊንተሩን ካልወጣ እሸጠዋለሁ፣ ቃሌ ነው። እስከዚያ እርስዎ ታክሲዎን ይንዱ።»

በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ አሸዋና ጨው ይበተን ነበር። አንድ ቀን እማዬ ሞተሩን ጭቃ አልብሳ አመጣችው፤ የውጪው ቧንቧ ውሃ በረዶ ሆኖ ስለነበር ሳታጥበው ቀረችና ሥራ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች። በእኛ ቤት የተከበረ ዕቃ ሁሉ ላስቲክ ይለብስ ነበር፤ ሶፋው ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎት ላስቲኩ አልተነሳለትም፣ ሪሞቱም እንደተጠቀለለ ነበር። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ፍራሽ የመጣበትን ላስቲክ ፈልጌ፣ ሞተሩን ከመስታወቱ እስከ ጎማው ጠቅልዬ በፕላስተር አሸግሁት። እማዬ አይታ «ጎበዝ የኔ ልጅ» አለችኝ።

ብርዱ ሲያበቃ ስንፈታው ላስቲኩ ከውስጥ አልቦት ነበር። ላስቲክ ውሃ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ የገባውም እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጨውና እርጥበቱ አብረው ታፍነው ከርመው ካቴናውን አቅልተውት፣ ጭስ ማውጫውን አዥጎርጉረውት ጠበቁን።

ጋሽ ታደሰ ከደረጃው ላይ ሆነው «ቃልሽን አትርሺ» አሏት። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሞተሯን ልትሸጥ የሆነው በእኔ ጥፋት ነበር።

እማዬ ዝገቱን በጥፍሯ ፈቅፍቃ አየችው። «ላዩን ነው። ሥሩ ብረት ነው። ነይ፣ የድስት መፈግፈጊያውን ሽቦ አምጪ።»

ቅዳሜን ሙሉ ፈግፍገን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ ዘይት ቀባነው። ልታስነሣው ሦስቴ ሞክራ እምቢ አላት፤ በአራተኛው አስሎ አስሎ ተነሣ።

«እንዴ፣ ይሄ እኮ የወፍጮ ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ወፍጮ ሥራ አያቆምም፣ ጋሽ ታደሰ» ብላ ግቢውን ዞረችበት። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ፣ ዘይት በነካው እጇ ቢላ ይዛ፣ የሶፋውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው።

ያኔ የወደድነውን ሁሉ እናሽግ ነበር። ዛሬ የእኔ ሶፋ የሻይ ጠብታ አለበት። ሞተሩም አሁን በምኖርበት ከተማ፣ ቤድፎርድ፣ ባለው ቤቴ ነው፤ የዚያ ዓመት ዝገት የበላው ጠባሳ ጭስ ማውጫው ላይ እንዳለ ነው። ጥር ላይ የሥራ ጓደኞቼ «በዚህ ብርድ?» ይሉኛል። ማታ ጨውን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፤ ጠዋት እነዳዋለሁ።